የቡድሃ ጥርስ በሲሬ መንገድ

ስለ ራሴ ማውራት አልወድም። ችግሩ ሌሎች ሲያወሩልኝ ያሳንሱታል፤ ስለዚህ ሳልወድ በግድ እኔው እጽፈዋለሁ።

በንጉሡ ዘመን፣ ገና ጢሜ በደንብ ሳይሞላ፣ ነቀምቴ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት አስተርጓሚ ነበርኩ። የተማርኩበትን ትምህርት ቤት የሚጠይቀኝ ካለ መልሴ አጭር ነው፤ የለም። አማርኛ ማንበብ የተማርኩት በአንድ የጉራጌ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ወሬ ጀምሬ አልጨረስኩም፤ ቀሪው በሌላ ሰው ስኳር ሄዷል። እንግሊዝኛውን ደግሞ ግማሹ ከተቀደደ መዝገበ ቃላት ነው ያገኘሁት። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መካከሉ ድረስ በወለጋ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ያሉትን ቃላት በእጄ ምልክት እሞላቸው ነበር። ትምህርት ቤት የገቡት እኩዮቼ ሙሉውን መጽሐፍ ይዘው በፈረንጅ ፊት አፋቸው ሲተሳሰር፣ እኔ በግማሹ እንደ ወንዝ እፈስ ነበር። ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ።

የአውራጃው ገዥ አንድ ፊታውራሪ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፋት የሚጠይቀው ትጋት አልነበራቸውም። አንድ ጊዜ ባሕር ማዶ ወዳለችው የሻይ ደሴት፣ ወደ ሲሎን፣ ከሚሄድ የመልእክተኞች ቡድን ጋር ተደርበው ተላኩ። ለምን እንደ ተመረጡ የሚያውቅ አልተገኘም፤ እሳቸውም ጭምር። ሲመለሱ ግን ሌላ ሰው ሆነው ነበር። እዚያ የአንድ ጥንታዊ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ታድሶ አሳይተዋቸዋል። እንደ ተደፋ ድስት ያለ ትልቅ ነጭ ጉብታ፣ ዙሪያውን በባዶ እግሩ የሚዞር ሕዝብ፣ ብጫ የለበሱ መነኮሳት፣ ፎቶግራፍ የሚያነሳ ፈረንጅ። “በእንዲህ ዓይነቱ ጉብታ ውስጥ የቡድሃ ጥርስ ይቀመጣል” ብሎ አንድ ሰው ነግሯቸዋል። ያ ሰው ማን እንደ ነበረ ባውቅ ኖሮ ሁለት ነገር እለው ነበር፤ ሁለቱም መዝገበ ቃላቴ ውስጥ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጽሕፈት ቤታችን ውስጥ ክርክር የሚባል ነገር ሞተ። ዳኛው ስለ ሕግ፣ ሐኪሙ ስለ ፊታውራሪ እግር እብጠት፣ ገበሬው ስለ ገዛ እርሻው አንድ ነገር ከተናገረ መልሱ ያው ነበር።

“አንተ ሲሎን ሄደሃል?”

ያልሄደ ሰው ምን ይላል? እግሩን ይዞ ይወጣል።

ፊታውራሪ ለአውራጃችን የሚሆን ፍርስራሽ መፈለግ ጀመሩ፤ አገኙም። ወደ ሲሬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የድንጋይ ክምር ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከአገሩ ድንጋይ ሁሉ እጃቸውን የሰደዱት ወደዚያ ነው።

ለመንገደኛ ክምር ነው። ለእኛ ቤትና ለኦቦ ጉደታ ቤት ግን ሰላማችን ነበር። ልጅ ሳለሁ አጎቴ በግጦሽ ጠብ የኦቦ ጉደታን ታናሽ ወንድም በጦር ወግቶ ገደለ። ሽማግሌዎች ገቡ፤ ጉማ ተከፈለ፤ የደም ካሳ ማለት ነው። የገደለው ጦር ተሰበረ፣ በግ ታረደ፣ የጦሩ ስባሪና የበጉ መንጋጋ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተቀበሩ፣ ሁለቱም ቤት ድንጋይ ጫነበት። ከዚያ በኋላ ከሁለቱ ቤት ማንም በዚያ ሲያልፍ አንድ ድንጋይ ሳይጨምር አያልፍም። ክምሩ ያደገው እንዲህ ነው። መሐላው ደግሞ ከባድ ነበር፤ የተቀበረው ፀሐይ ካየ እርቁ ፈረሰ፤ ቆፍሮ ያወጣውም ሰው እንደ ገዳይ ይቆጠራል።

አጎቴ ከእርቁ በኋላ ታሞ ሞተ። እንግዲህ እርቁ ቢፈርስ ደሙ የሚፈለገው ከቀረነው ነው። ደም መላሽ ደግሞ ፊት ለፊት ያገኘውን አይገድልም፤ ለሟቹ የሚመጥን፣ የቤቱን ምርጥ ሰው ይመርጣል። የቤታችን ምርጥ ማን እንደ ነበረ እናንተን በግምት ማድከም አልፈልግም። ኮት የሚለብስ፣ ደመወዝ የሚበላ፣ ገዥ ፊት የሚቆም አንድ ሰው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ፈይሳ አራሽ ነው። ደግ፣ ዝምተኛ፣ በሬ የሚወድ። እሱን የሚገድል ሰው ጦሩን ለማሾል የሚደክምበት ምክንያት አይታየኝም ነበር።

የሚያስፈራ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፣ መመረጥ መመረጥ ነው።

ለፊታውራሪ ነገሩን አልደበቅኋቸውም።

“ጌታዬ፣ ይህ ቤተ መቅደስ አይደለም፤ የጉማ ክምር ነው።”

“ማን ነገረህ?”

“ሲከመር ነበርኩ። ድንጋይ አቀብያለሁ።”

“አንተ ሲሎን ሄደሃል?”

“አልሄድኩም።”

“እንግዲያው አፍህን ዝጋ።”

ጥገናው ተጀመረ። ግንበኛው ክምሩን ሳያፈርስ ከላይ በሲሚንቶ ለሰነው፣ ኖራ ቀባው፣ አናቱ ላይ እንደ እንዝርት የሾለ ነገር አቆመለት። በእውነት ከሩቅ ሲያዩት የተደፋ ድስት ይመስል ነበር። ኦቦ ጉደታ አንድ ቀን መጥተው ዞረው አዩትና “ደግ ነው፤ ዝናብ አይገባበትም” ብለው ሄዱ። ሁለቱም ቤት ምንም አላለም። ድንጋይ ተጨመረ እንጂ አልተነሳማ።

ነገር የመጣው ከእንግዳው ጋር ነው። በእኛ አገር ሻይ ይበቅል እንደሆነ ለማየት አንድ የሻይ ተክል ባለሙያ ከሲሎን ወደ ወለጋ ተላከ። ፊታውራሪ ይህን ሲሰሙ አልጋ ላይ መተኛት አቃታቸው። ሰውየው አውራጃችን ውስጥ የአባቶቹን ቤተ መቅደስ ቢያገኝ ሻዩን ሌላ ቦታ ሊተክል ነው? አይተክልም። ከሻዩ ደግሞ ሹመት ይበቅላል። በዋዜማው ሁላችንንም ሰብስበው እንዲህ አሉ።

“ነገ ሕዝቡ ባለበት ጉብታው ይከፈታል። ጥርሱ ይወጣና እንግዳው በእጁ ይቀበላል።”

እኔ ዘንድ ያለው ጥርስ በሙሉ እርስ በርሱ ተፋጨ።

ወሬ ከአውቶቡስ ይቀድማል። በማግስቱ በላንድሮቨር ስንደርስ ጉብታው ሥር ሰው እንደ ገበያ ቀን ሞልቷል። የሲሬ ነጋዴዎች፣ መምህራን፣ ከየቀዬው የመጣ ገበሬ። በግራ የኦቦ ጉደታ ወገን፣ በቀኝ የእኛ ወገን። ከእርቁ ወዲህ ሁለቱ ቤት ተቀላቅሎ እንጂ ተለያይቶ ቆሞ አይቼ አላውቅም። የኦቦ ጉደታ ልጅ ዳባ ጦር ይዟል። ጦር ለምረቃ በዓል አይያዝም።

ፈይሳ ከሰው መካከል ወጥቶ ወደ እኔ መጣ።

“ያ ተርፋሳ፣” አለኝ፤ በኦሮምኛ ‘አንተ ተርፋሳ’ ማለቱ ነው። “ከእኔ ራቅ ብለህ ቁም።”

“ለምን?”

“ዝም ብለህ ራቅ በል። ከመኪናው አጠገብ ሁን።”

ለእኔ የተወረወረ ጦር ስቶ እሱን እንዳያገኘው ፈርቷል ብዬ አሰብኩ። ትንሽ አዘንኩበት፤ ግን አልፈረድኩበትም። ባለ ልጆች ነው።

የሲሎኑ ሰው ከመኪናው ወረደ። ቀጭን፣ ጠይም፣ ፀጉሩ የሸበተ ሽማግሌ ነው። ነጩን ጉብታ ሲያይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ከዚያ በባዶ እግሩ፣ በዝግታ፣ ክምሩን ዞረው። ፈረንጅም ይሁን የምን አገር ሰው፣ ኮት የለበሰ ሰው ክምራችን ፊት ጫማውን ሲያወልቅ ያየነው ያን ቀን ነው።

“አየኸው?” አሉ ፊታውራሪ በደስታ። “አወቀው! የአባቶቹን ቤት አወቀው! ንገረው፤ አባቶችህ ባሕር ተሻግረው እዚህ ድረስ መጥተው ነበር በለው። ውስጡ ጥርስ እንዳለ ንገረው።”

እዚህ ላይ የዕድሌን ክፋት ተመልከቱ። ቤተ መቅደስ፣ ድንጋይ፣ ጥርስ፣ የእንግሊዝኛ ስማቸው ሁሉ በተቀደደው ግማሽ ውስጥ ነው ያለው። ወደ ክምሩ ጠቆምኩ፣ ከዚያ አፌን ከፍቼ ጥርሴን ነካሁ። እንግዳው በሐዘኔታ አየኝና ከኪሱ ቅርንፉድ አውጥቶ ሰጠኝ፤ በሚያምህ ላይ ንከሰው ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲህ የጥርስ ሕመምን በተመለከተ በአውራጃው ከማንም የተሻለ አውቃለሁ፤ ቅርንፉድ ይሠራል።

ኦቦ ጉደታ በዱላቸው ተደግፈው ወደ ፊት መጡ።

“አካም ቡልተን፣ እንደምን አደሩ፣ ጌታዬ። ጥርስ ነው የሚፈልጉት?”

“አዎን፣ ጥርስ” አሉ ፊታውራሪ።

“አለ። የበግ ነው። መንጋጋው ከነጥርሱ ነው የተቀበረው፤ እኔ ራሴ ነኝ ያስገባሁት። ለምን ፈለጉት?”

እኔ ተረጎምኩ። ፊታውራሪ ሳቁ።

“ሽማግሌው ምን ያውቃሉ! ሲሎን አልሄዱ። በሉ ቆፍሩ!”

ድጅኖ የያዙት የቀን ሠራተኞች የአገሩ ልጆች ናቸው። እርስ በርስ ተያዩና ድጅኖውን መሬት ላይ በክብር አጋደሙት፤ እንደ ታመመ ሰው። ፊታውራሪ አብሮን ወደ መጣው ፖሊስ ዞሩ። ፖሊሱ የጎጃም ሰው ነው፤ መሐላውን ማንም አልነገረውም፤ ነገር ግን የቆመውን ሕዝብ ፊት ማንበብ ያውቃል።

“ጌታዬ፣ እኔ የተቀጠርኩት በደመወዝ ነው፤ በደም አይደለም” አለ።

“ይሄን ያህል ፈሪ! አስተርጓሚው! አንተ የተማርክ ነህ፣ በዚህ ተረት አታምንም። አንሳና ቆፍር!”

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የተማርክ ነህ ብሎ አንድ ባለሥልጣን በሕዝብ ፊት ሲመሰክርልኝ ያ የመጀመሪያው ነው፤ የመጣውም በሞቴ ሰዓት ነው። ብቆፍር የገዳይ ዘመድ ብቻ ሳልሆን ራሴ ገዳይ እሆናለሁ፤ ዳባ ሁለት ጊዜ ሊገድለኝ መብት አለው። ባልቆፍር ገዥን በውጭ አገር እንግዳ ፊት አዋርጄ ወህኒ እወርዳለሁ፤ እኔ ወህኒ ስገባ ደግሞ ሌላ ቆፋሪ ከነቀምቴ ይመጣል። ዳባ ጦሩን ከግራ እጁ ወደ ቀኝ አዛወረው። ፈይሳ ደግሞ፣ አልገባኝም ያኔ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ከወገኖቻችን ሁሉ ተነጥሎ ብቻውን ቆሟል፤ ደረቱን ሰጥቶ።

ድጅኖውን አነሳሁ። ከባድ ነበር። ሁለት እርምጃ ወደ ክምሩ ሄድኩ። አንዲት ሴት ከእኛ ወገን ጮኸች። ያኔ ሐሳቡ መጣልኝ፤ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ካለ፣ ሌላ ከየት ይመጣል? ከዚሁ ከጭንቅላቴ ነው።

ዞርኩ። ድጅኖውን በሁለት እጄ አግድም ያዝኩና ፊታውራሪ ፊት እስከ ወገቤ ጎንበስ አልኩ።

“ክቡር ፊታውራሪ!” ብዬ ጮህኩ፤ በአማርኛ፣ ከዚያ በኦሮምኛ፣ ከዚያ በምችለው ያህል እንግሊዝኛ። “እንደኔ ያለ ትንሽ ሰው እንዲህ ያለውን ታላቅ ነገር ቢከፍት ለእንግዳው ንቀት ነው! ምረቃን የሚከፍት የአገሩ ትልቅ ሰው ነው! ይህ ክብር የእርስዎ ነው!”

ነገሩ ያልገባቸው የሲሬ ነጋዴዎች አጨበጨቡ። መምህራኑም ተከተሉ። ፊታውራሪ ጭብጨባ ሲሰሙ እጃቸው ከአእምሯቸው ቀድሞ ተዘረጋ፤ ድጅኖውን ተቀበሉ።

ኦቦ ጉደታ ግን ገባቸው። እኒያን ሽማግሌ ሁልጊዜ አከብራቸዋለሁ፤ ከእኔ ቀጥሎ ብልህ ሰው ነበሩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“እንግዲህ ደግ ነው፣ ጌታዬ። ከመጀመርዎ በፊት የአባትዎን፣ የአያትዎን ስምና የተወለዱበትን አገር ይንገሩን።”

“ለምን?”

“ደሙን የት ሄደን እንደምንጠይቅ ልጆቻችን እንዲያውቁ ነው። ወንድም አለዎት? ወንድ ልጅስ? ክፋት የለበትም፣ ሥርዓቱ ነው።”

አንዲት ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ። ዳባ በበኩሉ ቀረብ ብሎ ፊታውራሪን ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው፤ ገበያ ላይ በሬ እንደሚያይ ሰው፤ ጥርስ መግለጥ ብቻ ነው የቀረው። ከዚያ ወደ ዘመዶቹ ዞሮ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለ።

“ምን አለ? ምን አለ?” አሉ ፊታውራሪ።

“‘ይመጥናል’ ነው ያለው፣ ጌታዬ። ለሟቹ አጎቱ ይመጥናሉ ማለቱ ነው። ምስጋና ነው።”

ላብ ከፊታውራሪ ግንባር ወርዶ ጢማቸው ላይ ቆመ።

“እንግዳው… እንግዳው ምን ይላል?” አሉ።

እንግዳው ምን እየተባለ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔም ባሉኝ ቃላት ነገርኩት። ሁለት ቤተሰብ፣ ደም፣ ቁጣ፤ ቁጣው ከሥር፤ ይህ ሰው ሊከፍት። ለዚህ የሚበቃ ቃል ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእኔ ግማሽ ውስጥ ነበር፤ የቀረውን በእጄ አሳየሁት። ሽማግሌው ክምሩን አየ፣ ጦሩን አየ፣ ድጅኖውን አየ። ሁለት መዳፎቹን ደረቱ ላይ አጋጥሞ በዝግታ ተናገረ።

“በአገራችን፣” ብዬ ተረጎምኩ፣ “እንዲህ ያለ ነገር ከተዘጋ አይከፈትም። የሚታደሰውም እንዳይከፈት ነው ይላሉ። ሲሎን የሄደ ሰው ይህን ያውቃል ይላሉ።”

የመጨረሻዋን ቃል እንግዳው አላላትም። ፊቱ ላይ ግን ነበረች፤ ጥሩ አስተርጓሚ ፊትም ይተረጉማል።

“እርግጥ ነው!” አሉ ፊታውራሪ። ድጅኖውን እንደ ፍም ጣሉት። “እኔስ ምን ልል ነበር? ሲሎን የሄደ ያውቃል! ማን ነው ቆፍሩ ያለው? እናንተ ሰዎች ምንም አታውቁም!”

ሳቅ የጀመረው ከማን ወገን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ሁለቱም ወገን ሳቀ። ኦቦ ጉደታ ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አንስተው ነጩ ጉብታ ሥር አኖሩ። ፈይሳ ቀጠለ። እንግዳው ይህን አይቶ ጫማውን ሳያደርግ አንዲት ትንሽ ድንጋይ ፈልጎ ከጎናቸው አስቀመጠ። “ይህ ሰው ዘመድ ነው” አሉ ኦቦ ጉደታ።

የፊታውራሪን ነገር ልጨርሰውና ወደ ዋናው ልግባ። ሳምንት ሳይሞላ ከሥራ አባረሩኝ። ምክንያቱን መጻፍ ግን ተቸገሩ፤ “ገዥን ከልክ በላይ ስላከበረ” ተብሎ አይጻፍም። ሻዩም እኛ ዘንድ አልመጣም። የሁለቱ ቤት ሽማግሌዎች ግን በዚያው ወር ጠርተው ከመካከላቸው አስቀመጡኝ፤ ጢሜ ሳይሞላ ሽማግሌ ሆንኩ። እስከ ዛሬ ሰው የማስታርቀው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፤ ያስታረቅኋቸውን ብዘረዝር ወረቀቱ አይበቃም።

እንግዲህ ዋናው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፊታውራሪ ላንድሮቨሩን ይዘውብኝ ሄዱ፤ ስለዚህ ከፈይሳ ጋር ወደ ቀያችን በእግር ተነሳን። ዳባም መንገዱ ያው ስለሆነ አብሮን ሄደ፤ ጦሩን እንደ ምርኩዝ እየተደገፈ። በቆሎው ከሁለት ወገን ከፍ ብሏል። ፈይሳ እንደ ልማዱ ቀድሞን፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። እኔ ያደረግኩትን ሁሉ ለዳባ አስረዳሁት፤ አብሮኝ የነበረ ቢሆንም አንዳንድ ነገር አምልጦት ይሆናል ብዬ።

በመጨረሻ “ዳባ፣ እርቅ ነው፤ አሁን ንገረኝ” አልኩት። “እኔን ለመውጋት እጅህ እሺ ይልህ ነበር?”

“አንተን?” አለ።

“አዎን፣ እኔን።”

ቆመ። ከልቡ ግራ ገብቶት አየኝ።

“ያ ተርፋሳ፣ አንተን ማን አሰበህ? የመረጥነውማ ፈይሳን ነው።”

“ፈይሳን?”

“ጠብ ሲነሳ በማን ቃል ነው ቀዬው ዝም የሚለው? በሬ የሞተበት ሰው በማን በሬ ነው የሚያርሰው? አጎቴን የሚመጥነው እሱ ነው። ስንመርጠው አባቴ አልቅሷል።” ከዚያ ያስከፋኝ መስሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። “አንተም ጥሩ ሰው ነህ። ታወራለህ።”

ዳባ ወደ ቤቱ በሚታጠፍበት ታጥፎ ሄደ። ሮጬ ወንድሜን ደረስኩበት።

“ኦቦ ፈይሳ፣ አንተን እንደመረጡህ ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“እኔ እኮ ለሰው ሁሉ እኔን ነው እያልኩ ነበር! ለምን አልነገርከኝም?”

ከእግሩ ሥር የወደቀ የበቆሎ አገዳ አንስቶ ወደ እርሻው መለሰው። ከዚያ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ፣

“ደስ ብሎህ ነበር” አለኝ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከዚያ በኋላ ትሑት ሆንኩ ብዬ እንድጨርስ የምትጠብቅ ከሆነ ሌላ ሰው አንብብ። ትሕትና አላማረብኝም፤ ሞክሬዋለሁ፣ ትከሻው ላይ ይጠባል። በድጅኖው የሠራሁት ሥራ ሥራ ነው፤ ዛሬም ማንም ፊት አወራዋለሁ። ነገር ግን የተጣሉ ሰዎች ደጄ ሲመጡ የሽምግልና ዘዴዬ ምን እንደሆነ ብዙ ሰው ይጠይቀኛልና ልንገራችሁ። ከፊት ቆሞ የሚያወራውን አልጠይቀውም። ከኋላ፣ አጥሩን ተደግፎ፣ ሰው ሁሉ የረሳውን ዝምተኛ ፈልጌ፣ ወንበር አስመጥቼለት፣ መጀመሪያ እሱን እሰማለሁ። የሚያወራውንማ ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ? ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ኖሬአለሁ።